የማን ወገን ነሽ? የትሪሹር ፑራም የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሻርጃ ወደ ትሪሹር

ሻርጃ የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ከነርሶቹ አብዛኞቹ የኬራላ ልጆች ናቸው፤ ኬራላ የደቡብ ሕንድ ግዛት ናት። አንዷን ሁላችንም «ቼቺ» እንላታለን፤ በቋንቋቸው በማላያላም ታላቅ እህት እንደማለት ነው። የትሪሹር ከተማ ልጅ ናት። ካቶሊክ ናት። ለገና ፈቃድ ስትጠይቅ አይቻት አላውቅም። ለፑራም ሲሆን ግን አለቃችንን ከሦስት ወር በፊት ጀምራ ነው የምትነዘንዘው። ዘንድሮ እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ፑራም የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ዓመታዊ በዓል ነው። ኬራላ ውስጥ ብዙ ፑራም አለ፤ የትሪሹሩ ግን የሁሉም አውራ ነው። የሚውለው ሜዳም በሚባለው የማላያላም ወር፣ ጨረቃ ፑራም ከሚባለው ኮከብ ጋር በምትገናኝበት ቀን ስለሆነ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። በ2015 ዓ.ም. እሑድ ሚያዝያ 22 ላይ ዋለ።

አውሮፕላኑ ዘግይቶ ተነሳ። ምክንያቱን የነገረን የለም። ከሻርጃ ኮቺ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ግማሹን ተኛሁ። የኮቺ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል ነው የሚሠራው። ከበሩ ስንወጣ ያቺ ፀሐይ እኛንም አልማረችን። የሻርጃ ሙቀት ደረቅ ሲሆን ያቃጥላል፤ ይሄኛው እርጥብ ነው፣ ልብስ ላይ ይለጠፋል።

የቼቺ ወንድም በመኪና ሊቀበለን መጥቷል። እስከ ትሪሹር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ጥሩ አስፋልት ነው፣ ግን ከተማው የት አልቆ ገጠሩ የት እንደሚጀምር አይለይም። ቤት፣ ኮኮናት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤት፣ ወርቅ ቤት፣ መስጊድ፣ ደግሞ ቤት። ፓሊየካራ የሚባል የክፍያ ኬላ ላይ ሰልፍ ያዘን። ወንድምየው ሰልፉ ውስጥ እያለ የመንገዱን ክፍያ ከነታሪኩ ረገመው። ለእኔ ቼቺ አሳጥራ ተረጎመችልኝ፦ «ውድ ነው እያለ ነው።»

ቤት ስንደርስ እናትየው፣ ሁሉም «አማቺ» የሚሏቸው፣ ራት አቅርበው ጠበቁን። አፓም ከበሬ ሥጋ ወጥ ጋር። አፓም ከተቦካ ሩዝ ነው የሚጋገረው፤ ዳሩ ስስ፣ መሃሉ ወፍራምና ዓይናማ ነው። ወጡ በኮኮናት ወተት የተሠራ ነው። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ስላልሞላው ሃምሳው ውስጥ ነበርን። ረቡዕ ዓርብ ሳልል በላሁ።

አባትየው «አፓቻን» ይባላሉ። ጡረተኛ ናቸው። እጄን ጨብጠው፣ ስለ ጉዞዬ ሳይጠይቁኝ በፊት በእንግሊዝኛ ያሉኝ ይህን ነው፦ «ፓራሜካቩ ነሽ ወይስ ቲሩቫምባዲ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፑራም የሁለት ቤተ መቅደሶች ፉክክር ነው። ፓራሜካቩ ከመሃል ከተማው አደባባይ በስተ ምሥራቅ ነው፤ ቲሩቫምባዲ ደግሞ ወደ ሰሜን ሾራኑር መንገድ ላይ። ሁለቱም ዝሆን አሰልፈው፣ ከበሮ አስመትተው፣ ርችት ተኩሰው ይበላለጣሉ። ዳኛ የለም፤ ዋንጫም የለም። ማን በለጠ የሚለውን ከተማው ዓመቱን ሙሉ ይከራከርበታል። አፓቻን ቲሩቫምባዲ ናቸው። ልጃቸው ፓራሜካቩ። ሁለቱም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ካቶሊኮች ናቸው።

«ገና አላወቅሁም» አልኳቸው። መልሱ ደስ አላሰኛቸውም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 20። ሜዳው፣ ቤተ መቅደሱ፣ ርችቱ

ጠዋት በባጃጅ ወደ መሃል ከተማ ወጣን። እነሱ «አውቶ» ነው የሚሉት። ትንሹ ሒሳብ 30 ሩፒ ነበር። የዚያን ሰሞን አንድ ድርሃም 22 ሩፒ ገደማ ይመነዘር ስለነበር ከአንድ ድርሃም ተኩል አይበልጥም። መንገድ ዳር ወተት ያለው ሻይ ጠጣን፣ 12 ሩፒ። ሻይ ቀጂው ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ክንዱን ዘርግቶ ከላይ እያንቆረቆረ አረፋ ያስይዘዋል። አንድም ጠብታ አልፈሰሰበትም።

የትሪሹር መሃል ክብ ነው። ክቡ ውስጥ ቴኪንካዱ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ ከፍ ያለ ቦታ የሂንዱው አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ቆሟል፤ ቫዳኩናታን ይባላል። በዙሪያው ስዋራጅ ራውንድ የተባለው ቀለበት መንገድ ይዞራል። ሜዳው ድሮ የቲክ ዛፍ ጫካ ነበር። ያስመነጠረው ሳክታን ታምፑራን በሚል ስም የሚታወቀው የኮቺን ንጉሥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1790 እስከ 1805 ገዝቷል። «ጫካው የሺቫ ፀጉር ነው፣ አይቆረጥም» ብሎ የተቃወመውን የቤተ መቅደስ ትንቢት ተናጋሪ አንገቱን በሰይፍ ቀላው የሚል አፈ ታሪክም አለ። አፓቻን ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ኩራት ይነበባል። ንጉሣቸው ቀልድ አያውቅም ነበር።

ፑራሙን የጀመረውም እሱ ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ በዓል አራቱፑዛ በምትባል መንደር ነበር የሚከበረው። አንድ ዓመት የትሪሹር ቤተ መቅደሶች ከባድ ዝናብ ይዟቸው አርፍደው ደረሱ። «አርፍዳችኋል» ተብለው ተመለሱ። ለንጉሡ አቤት አሉ። ንጉሡም እንግዲያውስ የራሳችንን እናድርግ ብሎ አሥር ቤተ መቅደሶችን በሁለት ጎራ አደራጀ። ፓራሜካቩና ቲሩቫምባዲ ዋነኞቹ ሆኑ፤ ሌሎቹ ስምንቱ ትናንሾቹ ናቸው። እንግዲህ የኬራላ ትልቁ ፑራም የተወለደው ከማርፈድና ከእልህ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ወድጄዋለሁ።

ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሂንዱ ያልሆነ አይገባም፤ ከበሩ ላይ ተጽፏል። ቼቺም እዚሁ ከተማ ተወልዳ አድጋ ውስጡን አታውቀውም። አይከፋሽም ወይ ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ውስጥ ያለው የሺቫ ምስል ለዘመናት ሲፈስበት በኖረ ቅቤ ተሸፍኖ ክምር ሆኗል ይላሉ። ምእመናኑ በዚህ ሙቀት እንኳ አይቀልጥም ብለው ያምናሉ። የግንቡን አሮጌ እንጨትና ጣሪያ ግን ከውጭም ማየት ይቻላል። ጥገናው እ.ኤ.አ. በ2015 ከዩኔስኮ የእስያና ፓስፊክ ሽልማት አግኝቷል።

ከዚያ ቼቺ ወደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። ፑተንፓሊ ይሉታል። 79 ሜትር የሚረዝም ግንብ አለው። ከሥሩ ቆሜ አንገቴን ቀና ሳደርግ ነጠላዬ ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ የአፓቻን ታላቅ ወንድም ሊያዩኝ መጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል። በሩ ላይ ቆመው «እንደምን ዋልሽ?» አሉኝ። በአማርኛ! በጃንሆይ ዘመን ደሴ ሒሳብ አስተምረው ነበር። ያኔ ከኬራላ ወደ እኛ አገር የመጣው መምህር ብዙ ስለነበር እንዲህ ዓይነት ሰው እዚያ ማግኘት ብርቅ አይደለም። እኔ ግን አልጠበቅሁም ነበርና እንባዬ መጣ። የቀራቸው አማርኛ ትንሽ ነው፤ «ዝም በል»፣ «ተቀመጥ»፣ «ነገ ፈተና»። የክፍል ውስጥ አማርኛ።

ማታ የናሙና ርችት አለ። ሁለቱ ወገኖች ከዋናው በፊት አቅማቸውን የሚያሳዩበት ነው። ድሮ ሕዝቡ ራውንዱ ላይ፣ ከርችቱ ሥር ቆሞ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ኮላም አጠገብ ፑቲንጋል በሚባል ቤተ መቅደስ የርችት መጋዘን ፈንድቶ ከ100 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ። አሁን ፖሊስ ራውንዱን አጥሮ ሕዝቡን ወደ ውስጥ መንገዶች ያባርራል። የቼቺ ወንድም አጥሩ ላይ ተደግፎ አጉረመረመ። እኔ በበኩሌ ፖሊሶቹን አመሰገንኩ።

ርችት ሲባል እኔ የጠበቅሁት ሰማይ ላይ የሚበተን ቀለም ነበር። ትሪሹሮች የሚወዱት ድምፅ ነው። መሬት ላይ በረድፍ የታሰረው ርችት ከአንድ ጫፍ ተለኩሶ እየሮጠ ይመጣል። እየቀረበ ሲሄድ ይወፍራል። መጨረሻው ላይ ድምፁ በጆሮ መሰማቱ ቀርቶ ደረት ይመታል። አጠገቤ የቆመች አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለው ያዳምጡ ነበር፣ ሙዚቃ እንደሚሰማ ሰው። ሲያበቃ አፓቻንና ልጃቸው ወዲያው ክርክር ጀመሩ። ራት ላይም ቀጠለ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 21። በር ከፋቹ ዝሆን

በፑራም ዋዜማ ኔይታላካቩ ከሚባለው ቤተ መቅደስ የምትመጣው አምላክ በዝሆን ላይ ሆና የቫዳኩናታንን ደቡብ በር ከውስጥ ትከፍታለች። ያ በር ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ዝሆኑ በሩ ሲከፈት ወጥቶ ኩምቢውን ያነሳል፤ ፑራም ታወጀ ማለት ነው።

ድሮ ይህን የሚያይ ጥቂት ሰው ነበር አሉ። ሰዉን ያጎረፈው ቴቺኮቱካቩ ራማቻንድራን የሚባል ዝሆን ነው። በቁመቱ ዝነኛ ነው። ኬራላ ውስጥ ዝሆን እንደ ኳስ ተጫዋች ደጋፊ አለው፤ ፎቶው አውቶ ላይ ይለጠፋል። ይሁንና ራማቻንድራን ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባለሥልጣናቱ ሊያግዱት ሲሉ ከተማው ተንጫጫ። በመጨረሻ ሐኪም አይቶት ለአጭር ጊዜ ብቻ ተፈቀደለት። ዘንድሮ የወጣው ሌላ ዝሆን ነው። ሰዉ ያው ነው፤ እኔ ከሁለት ሺህ ጭንቅላት በላይ ያየሁት የዝሆኑን ግንባርና የሠላሳ ሺህ ሰው ስልክ ነው። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የቆጠረ የለም።

ከዚያ የዝሆን ጌጦቹን ትርዒት አየን። መግቢያ አይከፈልም። ኔቲፓታም የሚባለው የግንባር ጌጥ በወርቅ የተለበጡ ትናንሽና ትላልቅ ጉልላቶች ጨርቅ ላይ ተደርድረው የተሰፉበት ነው። ከጣዎስ ላባ የተሠሩ ክብ ማራገቢያዎች አሉ። ነጫጭ ጭራዎች አሉ። ጃንጥላዎቹ ደግሞ ሐር ናቸው፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ዘርፋቸው የብርና የወርቅ ቀለም።

ጃንጥላዎቹን ሳይ ስልኬን አውጥቼ ለአፓቻን የጎንደር ጥምቀትን ቪዲዮ አሳየኋቸው። ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ሲገናኙ፣ ካህናቱ፣ ድባቡ፣ ሕዝቡ። የእነሱም በዓል አማልክቱ ከየቤታቸው ወጥተው መሃል ላይ ተገናኝተው የሚመለሱበት ስለሆነ ይገባቸዋል ብዬ ነው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩት። «በጣም ያምራል» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ዝሆኖቹስ?» አሉኝ። የሉም ስላቸው አዘኑልኝ።

ዋናዎቹ ጃንጥላዎች ግን ትርዒቱ ላይ የሉም። እሑድ ማታ ድንገት የሚወጡ፣ እስከዚያ ተቆልፈው የሚቀመጡ አሉ። የቼቺ ወንድም ከአንድ ልብስ ሰፊ የሰማውን ይዞ መጣ። አፓቻን ምንም አልሰማሁም እያሉ ጆሯቸውን ወደሱ አዘነበሉ።

ማታ ቤተሰቡ በሙሉ ቅዳሴ ሄደ። የእሑዱን ቅዳሜ ማታ አስቀድሰው ጨረሱት። ነገ ጊዜ የለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 22። ፑራም

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። መንገድ ስለተዘጋ አውቶው ሩቅ አወረደን። በሌላው ቀን 50 ሩፒ የሚያስከፍለው መንገድ ዛሬ 200 ሆኗል። ቼቺ ልትከራከር አፏን ስትከፍት ሾፌሩ «ፑራም!» ብሎ ሳቀ። ከፈልን።

መጀመሪያ የሚገባው የካኒማንጋላም ሻስታ ነው። ፀሐይ ሳይከር መምጣት አለበት። ይህ አምላክ የአማልክት ሁሉ መምህር ነው ስለሚባል ሺቫን ሳይሳለም ነው በደቡብ በር ገብቶ በምዕራብ የሚወጣው። አስተማሪ ለተማሪው አይሰግድም። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰዉ ገና ያልተጨናነቀበት፣ ጥቂት ዝሆንና ጥቂት ከበሮ። ሰልፉ ሁሉ ሲደመር እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሌሎቹ ትናንሽ ቤተ መቅደሶችም ተራ በተራ እየመጡ ሄዱ።

ቁርስ ማሳላ ዶሳ በላን፣ 70 ሩፒ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ወንበር ለመያዝ የሚበላ ሰው ጀርባ ላይ መቆም ነው ደንቡ። ሰውየው ሻዩን እስኪጨርስ ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ አልተሳቀቀም።

ወደ 5 ሰዓት ተኩል የቲሩቫምባዲዎች «ማዳቲል ቫራቩ» የሚሉት ሰልፍ ተጀመረ። ዝሆኖቹ ይሰለፋሉ፣ ሙዚቀኞቹ ከፊታቸው ቆመው ፓንቻቫድያም ይጫወታሉ። አምስት መሣሪያ ነው። ቲሚላ፣ ማዳላምና ኢዳካ ከበሮዎች ናቸው፤ የነሐስ ጽናጽል አለ፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ኮምቡ የሚባል ቀንደ መለከትም አለ። ወንዶቹ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ናቸው። ሲጀምር ቀስ ያለ ነው፣ አንዳንድ ምት፣ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ቀስ በቀስ ይፈጥናል። ሰዉ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በምቱ ልክ ያወዛውዛል። አዋቂዎች ናቸው፤ ከበሮ መቺው አንዲት ምት ቢስት ያውቃሉ። አፓቻን ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

እዚህ ላይ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። ሰው ረገጠው መሰለኝ። በባዶ እግሬ አስፋልቱ ላይ ቆምኩ፤ አንድ ሁለት ብዬ መቁጠር እንኳን አልቻልኩም። ውስጥ እግሬን ጠበሰኝ። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ገባሁ። ቼቺ 150 ሩፒ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ገዝታ መጣች። እዚያ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ፊት ለፊቴ ያለውን ዝሆን እግር አየሁ። ሰንሰለት ታስሮበታል። እግሩን እያፈራረቀ ያነሳል፤ አንዱን ያሳርፋል፣ ሌላውን ያነሳል። አንድ ልጅ በቱቦ አስፋልቱ ላይ ውኃ ይረጫል። ውኃው ወዲያው ይደርቃል።

ይህን ከቼቺ ጋር ተነጋግረንበታል። ከበዓሉ በፊት የእንስሳት ሐኪሞች ዝሆኖቹን ይመረምራሉ፤ ያለ ምስክር ወረቀትም ፓፓን የሚባሉት ጠባቂዎቻቸው ይዘዋቸው አይገቡም። የዝሆን ተቆርቋሪዎች ግን ይህ አይበቃም፣ ለሰዓታት በሙቀትና በጩኸት መካከል ማቆሙ ራሱ ጭካኔ ነው ይላሉ። ቼቺ «ዝሆን ከሌለ ፑራም የለም» አለች። ከዚያ ዝም አለችና «እኔም እግራቸውን አላይም» አለችኝ። እኔ ግን አንዴ ካየሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ እግር እግራቸው ላይ ነበር። በዓሉን ወደድኩት፤ ይህን አልወደድኩትም። ሁለቱንም ይዤ ነው የተመለስኩት።

ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የፓራሜካቩዎች ተራ ነው። ቫዳኩናታን ግቢ ውስጥ ካለው የኢላንጂ ዛፍ ሥር ኢላንጂታራ ሜላም የሚባለው ከበሮ ይመታል። ወደ 250 ሙዚቀኛ አንድ ላይ። ዋናው ከበሮ ቼንዳ ነው፤ ከትከሻ ይንጠለጠልና ቀጥ ብሎ ቆሞ በዱላ ይመታል። ለብዙ ዓመታት የመራው ፔሩቫናም ኩታን ማራር ነበር፤ ዘንድሮ ኪዛኩት አኒያን ማራር ተተክቶበታል። ይህ በከተማው ትልቅ ወሬ ነው። ግማሹ ያዝናል፣ ግማሹ ጊዜው ነበር ይላል። እኛ ከግንቡ ውጭ ቆመን ነው ያዳመጥነው። የግንቡ ድንጋይ ላይ እጄን ሳስደግፍ ይርገበገባል። የምቱ ዙር እያጠረ ሲሄድ ውስጥ ያለው ሕዝብ ጩኸቱ ከከበሮው በላይ ይወጣል። መቺዎቹ ላብ በላብ ሆነው ሲወጡ አንዱ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር።

ሴቶች የት አሉ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ሜዳው ውስጥ ከመቶ ሰው አንዷን ሴት ማግኘት ከባድ ነው። ግፊያው አያስቆምም፤ መገፋፋትን ሰበብ የሚያደርግ እጅም አይጠፋም። ብዙዎቹ ራውንዱ ዙሪያ ካሉ ፎቆች ነው የሚያዩት። አሮጌ ሕንፃዎች ላይ መውጣት ፖሊስ ስለከለከለ ደህና ፎቅ ላይ ዘመድ ያለው ሰው ያን ቀን ንጉሥ ነው። አማቺ የአክስታቸው ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልብስ ስፌት ቤት አላት። እዚያ ሃያ ሴቶች፣ ሦስት መስኮት። የሎሚ ሶዳ በጨው፣ የሙዝ ጥብስ፣ ሐሜት። ስለ እኔ እያወሩ እንደሆነ ገብቶኛል፤ «አቢሲኒያ» የምትለዋን ቃል ለየኋት።

ወደ 11 ሰዓት ተኩል ሁለቱም ወገን በደቡብ በር ወጥተው ፊት ለፊት ተሰለፉ። በእያንዳንዱ ወገን 15 ዝሆን። መሃለኛው የአምላኳን ምስል ይዟል። በየዝሆኑ ላይ አንዱ ሰው ጃንጥላ ይይዛል፣ ሌሎቹ የጣዎስ ማራገቢያና ጭራ ይዘው ይቆማሉ። ኩዳማታም ይባላል። አንዱ ወገን 15ቱን ጃንጥላ በአንዴ ያወርድና 15 ሌላ ቀለም ያነሳል። ያኛው ይመልሳል። ቀይ ሲሉ አረንጓዴ። ባለ አንድ ፎቅ ሲሉ ባለ ሦስት ፎቅ። ሕዝቡ በእያንዳንዱ ቅያሪ ያብዳል። እየመሸ ሲሄድ መብራት የተገጠመላቸው ተራ ይደርሳቸዋል፤ የአማልክት ምስል ያለባቸው፣ የሚሽከረከሩ። ከዚያ በድንገት ሊዮኔል ሜሲ የዓለም ዋንጫውን ይዞ ዝሆን ላይ ብቅ አለ። የስፌት ቤቱ መስኮት በጩኸት ሊወልቅ ነበር። ኬራላ ኳስ ታመልካለች፤ አርጀንቲና ካሸነፈች ገና አምስት ወር አልሞላም። የሺቫ ቤተ መቅደስ ፊት ሜሲ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አማቺ ብቻ አፋቸውን ይዘው «እነዚህ ልጆች!» አሉ። የብራዚል ደጋፊ ናቸው።

ወደ ታች ስንወርድ ኔትወርክ ሞቷል። ከአፓቻን ጋር በስልክ ልንገናኝ ነበር የተባባልነው። አንድ ሰዓት ያህል ተፈላልገን፣ በመጨረሻ የሳክታን ታምፑራን ሐውልት ሥር ቆመው ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ ጃንጥላ ሲከራከሩ አገኘናቸው። አልተጨነቁም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 23። ስንብት

ዋናው ርችት ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ይተኮሳል። እኔ ከአልጋ አልነሳም ብዬ ነበር። ቤቱ ከመሃል ከተማ ራቅ ይላል፤ ቢሆንም መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ነቃሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ከአማቺ ጋር አየሁት። ሰማዩ ይበራል፣ ድምፁ ቆይቶ ይደርሳል። የጎረቤት ውሻ አልጋ ሥር ገብቶ አልቅሷል አሉ።

ዕለቱ ጊዮርጊስ ነው። ጠዋት ፑተንፓሊ ገብቼ ሻማ አብርቼ ወጣሁ። የሚከተለውን ቀን «ፓካል ፑራም» ይሉታል፣ የቀን ፑራም። ይህኛው የከተማው ሰው ብቻ ነው፤ የውጭው እንግዳ ሄዷል። ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ያየሁት ዛሬ ነው። የትናንቱን ያህል ዝሆን፣ ግን ረጋ ያለ። ቼቺ እውነተኛው ፑራም ይኼ ነው ትላለች። ሳስበው እውነቷን ነው።

እኩለ ቀን ገደማ የሁለቱ ወገን አምላኮች በምዕራብ በኩል፣ ሽሪሙላስታናም በሚባለው ቦታ፣ ፊት ለፊት ቆመው ተሰናበቱ። ዝሆኖቹ ኩምቢያቸውን አነሱ። የሚቀጥለው ዓመት ቀን ተነገረ፦ በእኛ ሚያዝያ 11 ቀን 2016። ቼቺ እዚያው ቆማ ስልኳ ላይ መዘገበችው። ከዚያ የፑራም ካንጂ ተሰለፍን፤ ቀጭን የሩዝ ገንፎ ነው፣ ከኮምጣጣ ማንጎ ጋር። በነፃ ነው፤ ለማንም ይሰጣል። ከሌሊቱ በኋላ ሆድ የሚቀበለው ይህን ብቻ ነው።

ስንወጣ ዝሆኖቹን ጭነት መኪና ላይ ሲያወጡ አየን። አንዱ አልወጣም ብሎ ተቸነከረ። ፓፓኑ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው፤ ሙዝ ሰጠው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣ።

ማታ ወደ ኮቺ ስንሄድ አፓቻን ከፊት ተቀመጡ። ፓሊየካራ ኬላ ላይ እንደገና ሰልፍ። አባትና ልጅ የጃንጥላውን ክርክር ካቆሙበት ቀጠሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ባንዴ ወደ ኬላው ክፍያ ዞሩና ተስማሙ። አየር ማረፊያ በር ላይ አፓቻን እጄን ይዘው ጠየቁኝ፦ «እሺ፣ አሁንስ?»

«ካኒማንጋላም» አልኳቸው። ጠዋት የሚመጣው፣ የማይሰግደው።

ሳቁ። «እሱ አይወዳደርም እኮ!» አሉ።

ሻርጃ ደርሼ ሻንጣዬን ስከፍት አማቺ የሰጡኝ የማንጎ አቻር ፈስሶ አገኘሁት። በሁለት ላስቲክ ነበር የቋጠሩት። ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ቢጫው አለቀቀም። ቼቺ በፀሐይ አስጪው ብላኛለች።